የሪፍ ገንዳዬን በቀን ስንቴ፣ ምን ያህል ልመግብ? ግራ ገብቶኛል

ጠያቂ፦ ኮዬ ሪፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሳሎን ውስጥ 200 ሊትር የጨው ውሃ ሪፍ ገንዳ፣ ማለትም አሳና ኮራል አብረው የሚኖሩበት፣ አለኝ። ስምንት ወር ሆኖታል። ከአሳ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ሮያል ግራማ፣ አንድ ጎቢ፣ አልጌ የሚግጥ አንድ ብሌኒ እና አንድ ክሊነር ሽሪምፕ አሉበት። ከኮራል ደግሞ ዞአ፣ መሽሩም፣ አንድ ሀመር እና አንድ አካን አለኝ።

ችግሬ የምግቡ ነገር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እወጣለሁ። ማታ የምገባው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ መንገዱ ከተዘጋጋ ደግሞ 2 ሰዓት ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ዋሉ እያልኩ ስለማዝን ማታ ላይ አንድ ሙሉ ኩብ ማይሲስ (በበረዶ የሚሸጥ፣ ሽሪምፕ የሚመስል ጥቃቅን የአሳ ምግብ) እለቅላቸዋለሁ። ብቻዬን የምመግብ ነበር የሚመስለኝ። ባለፈው ሳምንት ነው ነገሩ የገባኝ። ልጆቼም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይሰጣሉ። እናቴ ለጥቂት ወራት እኛ ጋ ነች፣ አሳዎቹ መስታወቱ ጋ መጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ስታይ «ራባቸው እኮ፣ አንጀቴን በሉት» ትልና ከቆርቆሮው ቆንጠር አድርጋ ትበትናለች። አንዳችን ሌላችንን አንጠይቅም።

አሁን ከተረፈ ምግብና ከአሳ ቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት በሊትር 40 ሚሊ ግራም ደርሷል፣ ፎስፌቱ 0.25። ድንጋዩ ላይ ጸጉር የመሰለ አረንጓዴ አልጌ በቅሏል። መስታወቱን ዛሬ ብጠርገው ነገ ማታ ተሸፍኖ አገኘዋለሁ። ሀመሩ ቡናማ እየሆነ ነው፣ እንደ በፊቱም አይዘረጋም። ውሃ ቀይር እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ ግን ጨው የሚመጣልኝ በሰው ሻንጣ ነው፤ በየሳምንቱ 20 ሊትር ከቀየርኩ ለኔ ብዙ ነው።

በዚህ ላይ መብራት አለ። እኛ ሰፈር አመሻሹ ላይ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ልክ ምግቡን ለቅቄ ስጨርስ። እና ስንቴ ልመግብ? በስንት ሰዓት? ኮራሎቹንስ ለብቻ ማብላት አለብኝ? በባትሪ የሚሠራ አውቶማቲክ መጋቢ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

—

መልስ፦ ለገጣፎ 300

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እናትህንና ልጆችህን እንዳትከለክል። ምግብ የሚሰጥ ሰው አሳውን ያያል፣ የሚያይ ሰው ደግሞ ችግር ሲመጣ ቀድሞ ያውቃል። የሚያስፈልግህ ልክ ነው። በእጅ ቆንጥሮ መስጠት ልክ የለውም፤ ያንተ ቁንጥጫና የልጅህ ቁንጥጫ አይገናኙም።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ። ፋርማሲ የሚሸጥ፣ የሳምንቱ ቀን የተጻፈበት ባለ ሰባት ክፍል የመድኃኒት መያዣ አለ አይደል? እሱን ገዛሁ። እሑድ እሑድ ለእያንዳንዱ ቀን ደረቁን ምግብ ቆጥሬ እሞላለሁ። ዋናውን ቆርቆሮ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። የማክሰኞው ክፍል ባዶ ከሆነ የማክሰኞ ምግብ አልቋል፣ በቃ። ልጅም አዋቂም ያለ ክርክር ይገባዋል።

ስንት ፍሬ እንደሆነ ትጠይቀኛለህ። ባለ 1 ሚሊ ሜትሩ ፔሌት (ድቡልቡል ደረቅ ምግብ) ከሆነ ለአንድ ክላውን 6 ወይም 7 ፍሬ ይበቃዋል፣ ለግራማውም እንደዚያው፣ ጎቢው መሬት የደረሰውን ይለቅማል። በድምሩ ከ30 ፍሬ አይበልጥም። ጠረጴዛ ላይ ስታየው በጣም ትንሽ ይመስልሃል፣ አውቃለሁ፣ እኔም አንድ ቀን በመዳፌ ይዤ ይሄ እንዴት ይበቃል ብዬ ቆሜ ነበር። ግን ደረቅ ምግብ ብዙ ውሃ የለበትም። በረዶው ማይሲስ ግን አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። ስለዚህ አንድ ግራም ፔሌት ከብዙ ግራም ማይሲስ ጋር ነው የሚስተካከለው። የአሳ ሆድ ከዓይኑ ብዙም አይበልጥም ይባላል። ግምት ነው፣ ግን እጅህን ይይዝልሃል።

«በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ስጥ» የሚለውን ምክር እኔ አልወደውም። ክላውንፊሽ በሁለት ደቂቃ የሚውጠው ብዛት ያስደነግጣል። የዋጠውን ሁሉ ደግሞ አይጠቀምበትም፣ ከፊሉ በደንብ ሳይፈጭ ይወጣል፣ ያው ናይትሬትና ፎስፌት ሆኖ ይመለስልሃል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የገንዳው መብራት መቼ እንደሚበራ አልነገርከንም። የኔ ቀኑ 5 ሰዓት በርቶ ማታ 3 ሰዓት ይጠፋል። እንደኔ ከሆነ ጠዋት ስትወጣ አትመግብ፣ ጨለማ ነው፣ አሳዎቹ ገና ጉድጓዳቸው ውስጥ ናቸው፣ ምግቡ ወርዶ ድንጋይ ሥር ይቀራል። ልጆቹ 10 ሰዓት ሲመለሱ የዕለቱን ክፍል ይስጡ። ማታ አንተ ስትገባ ግማሽ ኩብ ማይሲስ ስጥ። አንድ ሙሉ ኩብ ለአምስት ትንንሽ አሳ በዛ። ኩቡን ሳይቀልጥ በቢላ ለሁለት ትቆርጠዋለህ። አንድ ሲኒ ለዚህ ሥራ ብቻ መድብ፣ በሳሙና እንዳይታጠብ ለቤቱ ሰው ተናገር፣ ከገንዳው ውሃ ቀድተህ እዚያ ውስጥ ታቀልጠዋለህ። ከዚያ የተጣራውን ውሃ ወደ ገንዳው የሚመልሰውን ፓምፕ አጥፍተህ በሦስት ዙር ትለቃለህ። የመጀመሪያው ሲያልቅ ሁለተኛውን። ፈሪው ጎቢ የሚደርሰው ሦስተኛው ዙር ላይ ነው።

—

መልስ፦ የሰንዳፋዋ

እኔ የምለው ስለ መብራቱና ስለ መጋቢው ነው፣ ምክንያቱም ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ለሠርግ ጎጃም ሄድን፣ ለአራት ቀን። በባትሪ የሚሠራ መጋቢ ገንዳው ላይ አስሬ ነበር። በሁለተኛው ቀን መብራት ሄዶ እስከ ማግስቱ አልመጣም። መጋቢው ግን መብራት መጥፋቱን በምን ያውቃል? በራሱ ባትሪ እየተሽከረከረ ጠዋትም ማታም ምግብ ጣለ። ፓምፕ የለም፣ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው ስኪመር የለም፣ ውሃው ቆሟል፣ ምግቡ ታች ተኝቶ ይበሰብሳል። ስንመለስ በሩን ከፍተን ሳንገባ ነው ሽታው የተቀበለን። ስድስት አሳ አጣሁ። አንዷ አራት ዓመት ያሳደግኳት ክላውን ነበረች። እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ ሰው እያለልህ መጋቢ አትግዛ። ለሦስት ቀን ብትሄዱ እንኳ ጤነኛ የሆኑ እነዚህ አሳዎችህ ሳይበሉ ይቆያሉ፣ ምንም አይሆኑም። የማይበላ አሳ ለሦስት ቀን ይታገሣል፣ የተበከለ ውሃ ግን ሦስት ሰዓትም አይታገሥም።

ሌላው፣ እኛ ያለንበትን ከፍታ አስቡት። የውጭ ሰዎች የሚጽፉት ምክር ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። 25 ዲግሪ ላይ ያለ የጨው ውሃ እዚያ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እኛ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። የአየር ግፊቱ በሩብ ያህል ስለሚቀንስ ውሃችን በደንብ ተናውጦም ቢሆን የሚይዘው 5 አካባቢ ነው። ምግብ የበላ አሳ ደግሞ ለመፍጨት ብዙ ኦክስጅን ይጠቀማል። የተረፈውን ምግብ የሚበሉት ባክቴሪያዎችም እንደዚያው። ማታ የገንዳው መብራት ሲጠፋ ኮራሉና አልጌውም ኦክስጅን ማውጣታቸውን ትተው መተንፈስ ብቻ ይሆናል ሥራቸው። ሁሉም ባንድ ሰዓት ይደራረባል። ትልቁን ምግብ ከመተኛትህ በፊት መስጠት እዚህ ከሌላው ቦታ ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለአሳዎቹ ማታ ከሰጠህ የገንዳው መብራት ሊጠፋ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ይሁን።

እኔ ቤት ያለው ሕግ ይሄ ነው። መብራት ከሌለ ምግብ የለም። መብራት ከመጣ በኋላም ፓምፑ መነሳቱን፣ ውሃው መሞቁን አይቼ አንድ ሰዓት ቆይቼ ነው የምሰጠው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰንዳፋ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ሂተሩ ከቆመ ውሃው ቶሎ ይወርዳል። ከ22 ዲግሪ በታች ካገኘሁት የዚያን ቀን ጭራሽ አልመግብም፣ ሲበርዳቸው ምግቡ በደንብ አይፈጭላቸውም።

ፍሪዘሩንም አትርሳ! አንድ ኩባያ ውሃ አብርድና የ1 ብር ሳንቲም ከላይ አስቀምጥበት። ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኘኸው አንተ ሳታውቅ ሁሉም ነገር ቀልጦ እንደገና በርዷል ማለት ነው። ያን ማይሲስ ጣለው። ብታዝንም ጣለው።

—

መልስ፦ ቱሉ ዲምቱ

አንድ ሳምንት ሙሉ ምግብ አቁም፣ አልጌው በራሱ ይሞታል። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። ማይሲሱንም ከማቅለጥህ በኋላ በወንፊት እጠበው፣ ፎስፌቱ በውሃው ነው የሚመጣው።

—

መልስ፦ ለገጣፎ 300

በዚህ አልስማማም ወንድም። ሦስት ቀን መዝለልና አንድ ሳምንት አስርቦ እንደገና ወደ ድሮው መመለስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አልጌው ድንጋዩና አሸዋው ውስጥ የተጠራቀመውን እየሳበ ይኖራል፣ የሚከሳው አሳው ነው። ከጎን ስታየው የግራማው ሆድ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ጀርባው ከሳሳ፣ ከሚገባው በላይ ቀንሰሃል ማለት ነው። የተራበ ክላውንም ሌላውን ይነክሳል።

ማጠቡ ምንም ክፋት የለውም፣ እኔም አንዳንዴ አጠልለዋለሁ። ግን አብዛኛው ፎስፌት ያለው ሥጋው ውስጥ ነው። ሥጋውን እየሰጠህ ፈሳሹን ብትደፋ ብዙም ለውጥ አታይም። የሚቀንሰው መጠኑን ስትቀንስ ነው።

ለጠያቂው አንድ ሂሳብ ልስጥህ። 200 ሊትር ላይ 20 ስትቀይር የምታወጣው ካለው አንድ አሥረኛውን ነው። 40 የነበረው 36 ይሆናል። አራት ሳምንት በተከታታይ ብትቀይር፣ በመሃል ምንም ባይጨመርበት እንኳ 26 ላይ ነው የምትደርሰው። ይሄን ሁሉ ውድ ጨው አፍስሰህ። ምግቡ እንደ ድሮው ከቀጠለ ደግሞ ያወጣኸው በሳምንቱ ይመለሳል። ለዚህ ነው ከምግቡ ጀምር የምልህ፣ ገንዘብ አያስወጣህም።

ወደ ዜሮም አታውርደው። ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 መሃል ቢቆይልህ ኮራልህ ደስ ይለዋል። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ኮራሉ ይገረጣል፣ ዳይኖ የሚባለው ቡናማ ልጋግም ይነሳል፣ እሱ ከአልጌው ይብሳል። ፎስፌት የሚመጥ መድኃኒት ብትገዛ በትንሽ በትንሹ አስገባ። ባንዴ ሲወርድ ኮራሉ ይደነግጣል።

—

መልስ፦ ሀመር ወዳጅ

ስለ ኮራሎቹ የጠየቅከውን ማንም አልነካውም። እኔ ገላን ነኝ፣ ገንዳዬ በአብዛኛው ሀመርና አካን ነው።

ኮራል ሥጋው ውስጥ ዞዛንቴሌ የሚባሉ ጥቃቅን አልጌዎች አሉት። ከብርሃን ምግብ እየሠሩ የሚቀልቡት እነሱ ናቸው። አብዛኛውን ጉልበት ከዚያ ነው የሚያገኘው። ያንተ ሀመር ቡናማ የሆነው ውሃው ውስጥ ያለው ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዛ እነዚህ አልጌዎች ስለሚበዙ ነው። ስለዚህ አሁን ርቦታል ብለህ አትጨነቅ። ዞአዎቹንና መሽሩሞቹንም ለብቻ ማብላት አያስፈልግህም፣ ከአሳዎቹ የሚተርፈው ይበቃቸዋል።

ሀመሩና አካኑ ግን አፍ አላቸው፣ ሲበሉም ያምርባቸዋል። ቁጥሮቹ እስኪወርዱልህ በሳምንት አንዴ ብቻ አብላቸው። ቅዳሜ ማታ ይሁን፣ ቤት ስትሆን። ነጩ መብራት ጠፍቶ ሰማያዊው ብቻ ሲቀር አካኑን ጠጋ ብለህ እየው። ቀን ላይ እንደ ትራስ ያበጠ ሥጋ ብቻ ነው። ሲጨልም ጠርዙ ላይ ክር የሚያካክሉ ነጫጭ እጆች ያወጣል። እነሱ ሲወጡ ነው የሚበላው። ካልወጡ ሁለት ጠብታ የማይሲስ ውሃ አጠገቡ ጠብ አድርግና አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ሸትቶት ይወጣል።

ፓምፖቹን ሁሉ አጥፋ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ላይ ቀጭን የአየር ቱቦ ሰክተህ ለአንድ አፍ አንድ ወይ ሁለት ማይሲስ ቀስ ብለህ አስቀምጥለት። አትርጨው፣ ከደነገጠ ይዘጋል። ሽሪምፑ መጥቶ ከአፉ እንደሚነጥቀው እወቅ። ለሱ መፍትሔው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። የላይኛውን ግማሽ ቆርጠህ ኮራሉ ላይ እንደ ድንኳን ትደፋበታለህ፣ ሲሪንጁን በአፉ በኩል ታስገባለህ። አብዛኛውን ጊዜ በ15 ደቂቃ ይውጠዋል። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ያልዋጠውን መልሰህ ምጠህ አውጣ። ሀመሩ ላይ ስትደፋ ግን ጠርሙሱ ሥጋውን እንዳይነካው፣ ቆዳው ስስ ነው፣ አንዴ ከተቀደደ ይበሰብስብሃል።

እና ፓምፕ ስታጠፋ የስልክህን ደወል ሙላ። የሰንዳፋዋ ስለ ኦክስጅን ያለችው እውነት ነው። አንድ ቀን ቡና ተጠራሁና ፓምፑን አጥፍቼ ረሳሁት። ስመለስ አሳዎቹ ሁሉ ውሃው ላይ ወጥተው አየር ይስቡ ነበር።

—

መልስ፦ የሰንዳፋዋ

የሃይላንዱ ዘዴ ጥሩ ነው፣ ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እናትህ ስላሉ። ጾም ሲገባ የኔ እናት ፍሪዘር ውስጥ ያለውን ሽሪምፕ ስታይ ቅር ይላት ነበር፣ ከጾም ምግቡ ጋር ተነካክቶ። ክዳኑ ጥብቅ የሚል ዕቃ ገዝቼ የማይሲሱን ሁሉ እዚያ አደረግኩት፣ ቢላውንም ለይቼ። ከዚያ በኋላ ቅር አላላትም። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ሁሉም በየቀኑ በሚከፍተው ፍሪዘር ላይ ትንሽ ነገር አይደለም።

—

ጠያቂ፦ ኮዬ ሪፍ

ይቅርታ፣ አምስት ሳምንት ጠፋሁ። ምክራችሁን አንድ በአንድ ስሞክር ነበር።

የመድኃኒት መያዣውን ገዛሁ። የሚሞላው እኔ አይደለሁም፣ እናቴ ናት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው እስኪፈላ መነጽሯን አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጥና 28 ፍሬ እየቆጠረች ሰባቱንም ትሞላለች። ልጆቹ 10 ሰዓት ላይ ይሰጣሉ፣ በተራ፣ የማን ተራ እንደሆነ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተጽፏል። ማታ እኔ ግማሽ ኩብ። ከ2 ሰዓት በኋላ ከገባሁ የዚያን ቀን ማይሲስ የለም። የገንዳው መብራት እንደ ለገጣፎ 300 ማታ 3 ሰዓት ነበር የሚጠፋው፣ የሰንዳፋዋ ያለችውን ሰዓት ለመጠበቅ ወደ 4 ሰዓት አዛወርኩት፣ ማብሪያውንም አንድ ሰዓት ገፋሁት።

የመጀመሪያው ሳምንት ከበደኝ። እንደ ድሮው ከርቀት አይተውኝ መስታወቱ ላይ ይደረደራሉ፣ እጄ ወደ ቆርቆሮው ይሄዳል። አሁን ለመድኩ። አልከሱም፣ ሆዳቸውን በየቀኑ ነው የማየው።

ውሃ በየሁለት ሳምንቱ 20 ሊትር ብቻ ነው የቀየርኩት። ናይትሬቱ ትናንት 18 ነበር፣ ፎስፌቱ 0.12። አልጌው አልጠፋም ግን አጥሯል፣ ብሌኒው ደግሞ አሁን የምር ድንጋዩን እየጋጠ ነው፣ ከንፈሩ ያሳረፈበት ቦታ ሁሉ ነጭ ምልክት አለ። መስታወቱን በአራት ቀን አንዴ ነው የምጠርገው። ሀመሩ ጫፉ ላይ አረንጓዴው ተመልሷል።

አካኑን ባለፈው ቅዳሜ አበላሁት፣ በሃይላንዱ። ልጆቹ መብራት አጥፍተው ወለሉ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ማይሲሱ እጆቹ ላይ እንዳረፈ መታጠፍ ጀመሩ፣ ቀስ እያሉ፣ አንድ በአንድ፣ እስከ መሃሉ አፍ ድረስ አደረሱት። ትንሿ ልጄ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምታየው።

ሌላው ልነግራችሁ የፈለግኩት የማክሰኞው ነው። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ቦታ እያለሁ እናቴ ደወለች። «ልጆቹ ምግቡን ሊሰጡ ሲሉ ከለከልኳቸው» አለችኝ። ለምን ስላት «ሐምራዊው አሳ ከጉድጓዱ አልወጣም፣ ሁለቱ ብርቱካናማዎቹ ደግሞ ላይ ላይ ናቸው፣ ውሃውም ዝም ብሏል» አለች። መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር፣ ፓምፑ ግን አልተነሳም። የትኛውን ሶኬት ነቅላ መልሳ እንደምትሰካ በስልክ ነገርኳት፣ እስኪነሳ ድረስም ስልኩን አልዘጋንም፣ የውሃው ድምፅ ሲጀምር በስልኩ ሰማሁት። ምግቡን ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ራሴ ሰጠኋቸው፣ ግማሹን ብቻ።

ቅዳሜ ገንዳው ውስጥ ውሃውን ከሚያናውጡት አንዱን የሞገድ ፓምፕ ባትሪ ላይ ላደርገው ነው። የሰንዳፋዋ፣ አንቺ ስንት አምፔር ባትሪ ነው የምትጠቀሚው? ስንት ሰዓት ይይዝልሻል?

—

መልስ፦ የሰንዳፋዋ

እናትህን ሳምልኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

የኔ ባለ 12 ቮልት፣ 60 አምፔር የመኪና ባትሪ ነው። የሞገድ ፓምፑ በቀጥታ በ12 ቮልት ስለሚሠራ ኢንቨርተር የለበትም። ቀስ ባለው ፍጥነት 10 ዋት ነው የሚወስደው። በሂሳብ 72 ሰዓት ይወጣዋል፣ ግን የመኪና ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ስለሚበላሽ እኔ የምተማመነው በ30 ሰዓት ነው። ያንተ ፓምፕ 24 ቮልት መሆኑን አለመሆኑን ትራንስፎርመሩ ላይ አንብብ፣ ከሆነ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ያስፈልግሃል። ባትሪውን ከገንዳው ዝቅ ብሎ ውሃ የማይደርስበት ቦታ አድርገው፣ ሽቦው ላይም ፊውዝ አስገባበት።